ባለቤቴን በካንሰር አጥቼ ማራቶን ልሮጥላት ነው፤ እናቷ ግን የሕመሟን ስም አያውቁም

ጠያቂው፣ ከለንደን፤ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ባለፈው ጥቅምት ወር በ41 ዓመቷ በጡት ካንሰር ዐርፋለች። አሥራ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረናል፤ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅም አለችን። በለቅሶው ጊዜ እዚህ ያለው ወገናችን ያላደረገልን ነገር ስለሌለ ይህን የምጽፈው ማጽናኛ ፈልጌ አይደለም፤ ብቻዬን ልወስነው ያልቻልሁት ጉዳይ ስላለ ምክራችሁን ለመስማት ነው።

ባለፈው ክረምት ሕክምናው በየሳምንቱ በነበረበት ጊዜ ቀኑን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስታየኝ «ወጣ ብለህ ተንፍሰህ ና፤ እንዲህ አፍጥጠህ እያየኸኝ መታመሜን ልረሳው አልቻልሁም» ትለኝ ነበር። በወጣትነቴ ኳስ እጫወት ስለነበር በሰፈራችን መናፈሻ ዙሪያ ቀስ እያልሁ መሮጥ የጀመርሁት በእሷ ትእዛዝ ነው። ከአርባዋ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሩጫው ወደ ንጋት ዞረ። የመድኃኒቷ ሰዓት ማስታወሻ እስከ ዛሬ ድረስ ማታ ማታ በሦስት ሰዓት በስልኬ ላይ ይጮኻል፤ ላጠፋው አልደፈርሁም። አሁን አሁን እሱ ሲጮኽ ተነሥቼ የነገውን የመሮጫ ጫማ በሩ ሥር አስቀምጣለሁ።

በታኅሣሥ ወር አንድ የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ሚያዝያ 18 ቀን በሚካሄደው የለንደን ማራቶን በስሙ እንድሮጥ ቦታ ሰጥቶኛል። እንደምታውቁት በዚህ ውድድር ብዙ ሯጮች የሚገቡት በዚህ መንገድ ነው፤ ድርጅቱ ቦታውን የሚሰጠው የተወሰነ ገንዘብ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 2,000 ፓውንድ፣ አሰባስባለሁ ብሎ ቃል ለሚገባ ሰው ነው። ይህን ድርጅት የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በመጨረሻዋ ሳምንት ሌሊት ሌሊት እቤታችን እየመጣች ከባለቤቴ ጎን የምታድር ነርስ የላከልን እሱ ነው። ነርሷ መጥታ ካፖርቷን መስቀያው ላይ በሰቀለች ቁጥር እኔ ከልጄ አጠገብ ጋደም ማለት እችል ነበር።

ችግሩ የመጣው ገንዘብ የሚሰበሰብበትን ገጽ ልሞላ ስቀመጥ ነው። ገጹ «የሚሮጡት ስለ ማን ነው? ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ መልሱን መጻፍ አልቻልሁም። እናቷ ደሴ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው የታመመችው ጨጓራዋን እንደሆነ ተነግሯቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጨጓራ ይበጃል የሚሉትን ሁሉ እየቋጠሩ በሰው እጅ ሲልኩልን ኖረዋል። አንድ ሰሐን ተልባ አሁንም ቁም ሣጥናችን ውስጥ አለ። ገጹ አንዴ ከወጣ ዱባይና አሜሪካ ያሉት ዘመዶች ያዩታል፤ እነሱ ካዩት ደሴ መድረሱ አይቀርም። ስሟንና የሕመሟን ስም ሳልጽፍ «ለካንሰር እሮጣለሁ» ብቻ ብል ደግሞ እሷን መልሼ የደበቅኋት ይመስለኛል። ባለቤቴ እብጠቱን ከብብቷ ሥር ካገኘችው በኋላ ለወራት ለማንም፣ ለእኔም ጭምር፣ አልተናገረችም። በዚህ አገር የጡት ምርመራ መጥሪያ የሚደርሳቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሞላቸው ሴቶች ስለሆኑ እሷን የጠራት አልነበረም። ስሙን መጥራት ባንፈራ ኖሮ ብዬ ያላሰብሁበት ሌሊት የለም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከዚህ ጋር ተያይዘው ያስጨንቁኛል። አንዱ ዓመቷ ሳይሞላ ጥቁር አውልቆ አደባባይ ላይ መሮጥ ነውር ነው የሚሉኝ መኖራቸው ነው። ሌላው ጾሙ ነው፤ ሁዳዴ የካቲት 9 ቀን ይገባል፤ ረጃጅሞቹ ልምምዶች በሙሉ በጾሙ ውስጥ ያርፋሉ። እሷ ታማ እንኳ ጾሙን የምትተው ሰው ስላልነበረች ለእሷ ብዬ ስሮጥ ጾሜን መሻር አልፈልግም።


ነርስ ነኝ፣ ከበርሚንግሃም

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ስለ እናቷ የሚሉትን ሌሎች ይበሉ፤ እኔ ስለ ጾሙና ስለ ሰውነትዎ የማውቀውን ልንገርዎት፤ እኔም ሁለት ማራቶን በጾም ተዘጋጅቼ ሮጫለሁና።

በመጀመሪያ የዘንድሮው አቆጣጠር ለእርስዎ የተመቸ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ስለሆነ ከውድድሩ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ የፍስክ ጊዜ አለዎት፤ እነዚያ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ሩጫ የሚቀነስባቸውና ሰውነት የሚጠገንባቸው ናቸው። ከባዱ ረጅም ልምምድ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ስለሚደረግ በሆሣዕና ሰሞን ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከሉ እንዳለ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉ ስለሌለ፣ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ያድርጉት፤ እሑድን ለቅዳሴ ይተዉት። በአዘቦት ቀን የሚሮጡትን አጠር ያለ ሩጫ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በልተውና ጠጥተው ወደ ማታ ቢያዛውሩት ሰውነትዎ ያመሰግንዎታል። ይህን ሁሉ ግን ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የሚያውቁት አባት ምን እንደሚፈቅዱና ምን እንደማይፈቅዱ ራሳቸው ይነግሩዎታል።

ምግቡን በተመለከተ የእኛ የጾም ማዕድ ለሯጭ የሚያንስ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ሥጋ የሚጠግኑ ናቸው፤ ጠዋት ከረጅም ሩጫ በፊት የተበጠበጠ በሶ ከስንቱ የታሸገ ምግብ ይሻላል። ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጡ፤ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋልና አንድ ሰዓት ያህል ያዘግዩት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲሮጡ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚደርስ ስኳርነት ያለው ነገር ያስፈልግዎታል፤ ቴምር በላስቲክ ቋጥረው መያዝ ይችላሉ። ውኃ ሲጠማዎት ይጠጡ እንጂ በየጣቢያው ስላለ ብቻ አይጠጡ፤ ከመጠን ያለፈ ውኃ የደምን ጨው አውርዶ ለሆስፒታል የሚያበቃው ሰው አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዘን ያለበት ሰው በየዕለቱ ጠንክሮ መሮጥ ይወዳል፤ ሲደክመው ሐሳቡ ዝም ስለሚልለት ነው። በዚህ ምክንያት ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ጎድቶ ከውድድሩ የቀረ ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። ከሳምንቱ ሩጫዎች አብዛኞቹ እያወሩ የሚሮጧቸው ቀላል ሩጫዎች ይሁኑ። ያቺን የምታድረዋን ነርስ ሲጠቅሱ ደግሞ ዕንባዬ መጣ፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደርሁባቸው ሌሊቶች አሉኝ።


የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኔም ባለቤቴን በትልቁ አንጀት ካንሰር ካጣሁ በኋላ እዚህ በየጥቅምቱ የሚካሄደውን የማሪን ኮርፕስ ማራቶን ሮጫለሁ። ዓመቱ ሞልቶ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ያማኝ ሰው አልጠፋም። ስለዚህ ዓመት መጠበቁ ከሐሜት ያድነኛል ብለው አያስቡ።

ልነግርዎት የፈለግሁት ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር ነው። ሯጮች በማልያቸው ላይ ስም ይጽፋሉ፤ ዳር የቆመው ሕዝብ ደግሞ የተጻፈውን ስም እያነበበ «በርታ፣ በርቺ» ይላል። እኔ የባለቤቴን ስም በትልልቁ ደረቴ ላይ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላሰብሁትም ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የማላውቃቸው ሰዎች የባለቤቴን ስም እየጠሩ «በርታ! ደርሰሃል! አይዞህ!» ይሉኝ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ ቤታችን ውስጥ እንኳ «አባታችሁ» እንጂ በስሙ አንጠራውም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች በዕንባ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነው የሮጥሁት። በሃይንስ ፖይንት በኩል በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ፎቶግራፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተተክሎ፣ ቤተሰቦቻቸው ባንዲራ ይዘው ቆመው አየሁና እዚያ ለብዙ ደቂቃ በእግሬ ሄድሁ። ከዚያ ሠላሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ረጅም ድልድይ መጣ፤ ድልድዩ ላይ ተመልካች የለም ማለት ይቻላል። ጸጥ ሲል የሚጠራው አጥቼ ደግሞ ናፈቀኝ።

ይህን የምነግርዎት ይጻፉ ወይም አይጻፉ ለማለት አይደለም። ስሟን ከፊት ቢያደርጉት ቀኑን ሙሉ ይጠራል፤ ከኋላ ቢያደርጉት ከኋላዎ ያለ ሯጭ ብቻ በዝምታ ያነበዋል። የትኛውን እንደሚችሉት አስቀድመው ይወቁ። ረጅሙን ልምምድዎን ሲሮጡ ስሟን ጮክ ብለው እየጠሩ ይለማመዱ፤ እኔ ባደርገው ኖሮ እላለሁ።


አንድ አረጋዊ፣ ከማንችስተር

ልጄ፣ ሐዘንህን እግዚአብሔር ያቅልልህ። ከሌሎቹ ለየት ያለ ነገር ብናገር እንዳትቀየመኝ።

ስለ ጥቁር ልብሱ አልከራከርህም፤ ሐዘን በልብ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕመሟን የደበቀችው ራሷ ባለቤትህ ናት። ለእናቷ እንዳይነገር የፈለገችው እሷ ከሆነች ምስጢሩ የእሷ እንጂ የአንተ አይደለም፤ ሰው ሲሞት ምስጢሩ ለቤተሰቡ በውርስ አይተላለፍም። ገንዘቡን ስሟን ሳትጠቅስ ልትሰበስበው ትችላለህ፤ የሚያውቅህ ሰው ለማን እንደምትሮጥ ሳትነግረው ያውቃል። የሰባ ሁለት ዓመት እናት ልጇን ከቀበረች ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ያውም መቃብሯን ሳታይ፣ ሁለት ዓመት ሲዋሿት እንደኖሩ ማወቅ ምን ይጠቅማታል? እባክህ ይህን አስብበት።


ጠያቂው

አባቴ፣ አልተቀየምሁም፤ እንዲያውም በጣም የምፈራውን ጥያቄ ነው ያነሡት። ባለቤቴ ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፈው፤ «እኔ እያለሁ እንዳትነግሯት» ነው ያለችኝ። እኔ እያለሁ። ምክንያቷንም አውቃለሁ፤ እናቷ ከሰሙ ምግብ ትተው ከእሷ ቀድመው ይሞታሉ ብላ ትሰጋ ነበር። ከሞተችስ በኋላ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ በዚያ ሰዓት እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? አሁን ይህችን ቃል ሌት ተቀን አገላብጣታለሁ። አንዳንዴ ፈቃድ ትመስለኛለች፤ አንዳንዴ ደግሞ እንዲመቸኝ የተረጎምኋት ይመስለኛል።


የእድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ

በእድራችን ለሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሳገለግል ከመርዶ ነጋሪዎች ጋር የሄድሁባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ከዚያ ያየሁትን ልናገር።

«እኔ እያለሁ» የሚለው ቃል ጊዜ ወስኖለታል፤ እኔ የምረዳው እንደዚያ ነው። ነገር ግን አባታችን የተናገሩት ፍርሃት እውነት ነው፤ ወሬው በስልክ ከዱባይ ሾልኮ ጎረቤት ቡና ሲጠጣ ቢሰሙት እናትየው ይጎዳሉ። ስለዚህ የሕመሙን ስም እንደ ሁለተኛ መርዶ ይቁጠሩት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ወጉ አለን። በስልክ አይነገርም፤ በማታ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ የሚወዷቸውና የሚያከብሯቸው ሦስት ወይም አራት ሰዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ሴት ትሆናለች፤ ካህን ቢኖር መልካም ነው። ነጋሪው አያንዛዛም፤ አይሸፋፍንም። ከተነገረም በኋላ ተነሥቶ አይሄድም፤ አብሮ ይውላል። የባለቤትዎ ወንድም ወይም አጎት ደሴ ካሉ ይህን ያስተባብሩ፤ እርስዎም የተዋሸው ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ በእጅዎ ጽፈው አንድ ደብዳቤ ይላኩላቸው። ገጹን ከዚያ በፊት አይክፈቱት።

ገንዘቡንም በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። የተዝካር ወጪ ሊደርስ ነው። ተዝካር በመሠረቱ ስለ ነፍስ የሚደረግ ምጽዋት እንጂ ድግስ አይደለም። ድንኳን ተጥሎ ሰንጋ ከሚጣል የገንዘቡ ከፊሉ እዚሁ አገር ለካንሰር ሕሙማን ቢውል ቤተሰቡ ሊስማማ ይችላል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር ባረፈ ሕፃን ስም ወላጆቹ ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ እነሱም የልጃቸውን ስምና የበሽታውን ስም አንድ ላይ አድርገው አደባባይ አውጥተውታል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ከወሎ የሚመጣ ታማሚ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ሕሙማኑ የሚያድሩበት ሲያጡ በእድራችን አባላት ቤት ያስጠጋናቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹ ጎረቤት እንዳያውቅ ብለው የመጡት ለሌላ ጉዳይ እንደሆነ ተናግረው ነው የወጡት።


የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሊድስ

በአጭሩ፦ በእንግሊዝ አገር ግብር የሚከፍል ሰው ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ «ጊፍት ኤይድ» የሚለውን ሣጥን ምልክት ካደረገበት መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨምራል። ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ ቅጹን ፈርተው ያልፉታል፤ በሚልኩት መልእክት ላይ በአማርኛ ያስረዷቸው። ለቅሶ ቤት በጥሬ ገንዘብ የሚሰጡዎትንም እርስዎ ጠቅልለው በራስዎ ስም አያስገቡት፤ የሰጪው ስምና አድራሻ ከሌለ ጭማሪው አይገኝም።


ጠያቂው፤ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

የእድሩ ጸሐፊ ባሉት መንገድ ታላቅ ወንድሟ፣ የንስሐ አባታቸውና አብረዋቸው ያረጁ ጎረቤታቸው በየካቲት መጨረሻ ማለዳ ሄደው ነገሯቸው፤ ደብዳቤዬንም አነበቡላቸው። ለቅሶው እንደ አዲስ ሆነ። ሦስት ቀን ሰው ሲመላለስ ሰነበተ። እኔን ደግሞ ተቀየሙኝ፤ ስልክ ብደውል አላነሡልኝም፤ ልጄ ስትደውል ብቻ ያናግሯት ነበር። አባቴ ከማንችስተር ያሉት ነገር በእነዚያ ቀናት በጆሮዬ ይደወል ነበር፤ ምናልባት ልክ ነበሩ፤ አሁንም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። ስለ ጨጓራውም ስለ ውሸቱም አንድ ቃል አላነሡም። «ሌሊት ሌሊት ማን ነበር ከጎኗ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ነርሷ ነገርኋቸው፤ ካፖርቷን እንዴት እንደምትሰቅል፣ የባለቤቴን ከንፈር በእርጥብ ጥጥ እንዴት እንደምታረጥብላት፣ እጇን ይዛ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዴት እንደምታዋራት። ነርሷ ምን አገር ሰው እንደሆነች ጠየቁኝ። የእናቷን ስም ጠየቁኝ፤ ሊጸልዩላት ነው፤ አላውቀውም ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው «እንግዲያውስ ለእነሱ ከሆነ ሩጥ» አሉኝ። ከዚያ «በምን ስም ነው የጻፍሃት?» ሲሉኝ በመታወቂያዋ ስም አልኋቸው። «እኔ የምጠራት በእሱ አይደለም፤ እኔ በምጠራት ጻፋት» አሉኝ።

ገጹን በማግስቱ ከፈትሁት። ስሟን፣ የጡት ካንሰር የሚለውን፣ ለወራት ዝም ማለቷን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ቃል የገባሁት ገንዘብ ሞልቶ አልፏል፤ ከተዝካሩ የሚተርፈውንም ቤተሰቡ ለአገር ቤት ሕሙማን ለማድረግ ተስማምቷል። ገጹን ያነበቡ ሁለት ሴቶች ደግሞ በግል ጽፈውልኝ ለምርመራ ቀጠሮ መያዛቸውን ነግረውኛል።

ልምምዱ እንደ እኅቴ እንደ ነርሷ ምክር እየሄደ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ 28 ኪሎ ሜትር በበሶና በቴምር ሮጫለሁ፤ የሆሣዕናው ዋዜማ 32 ይሆናል። ስሟን ጮክ ብዬ መጥራቱንም ሞክሬዋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ መጥራት አልቻልሁም ነበር።

ድርጅቱ ለማልያው በመተኮሻ የሚለጠፉ ፊደላት ልኮልን ነበር፤ ሁሉም የላቲን ፊደላት ናቸው። እናቷ የሚጠሯት ስም በእኛ ፊደል ሦስት ፊደል ስለሆነ ማተሚያ ቤት ወስጄ አሠራሁት፤ ልጄ በማስመሪያዋ መካከሉን ለክታ ራሷ አስቀመጠችው። ከፊት ነው ያደረግነው። ዳር ከሚቆመው ሕዝብ አብዛኛው ሊያነበው አይችልም፤ ስለዚህ የሚጠራት የሚያነበው ሰው ብቻ ነው። በዕለቱ ለንደን የምትሆኑ ካላችሁ እኔ ታወር ብሪጅን የማልፈው ሃያኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ በግምት ከተነሣሁ ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። ልጄና አጎቷ ከድልድዩ በስተሰሜን፣ በግራ በኩል ይቆማሉ። ከእነሱ ጋር ቆማችሁ ስሟን ብትጠሩልኝ ደስ ይለኛል።